ከፔይቼክሽ ላይ የሚቆረጠው ገንዘብ ከየት መጣ?

አንዲት እህታችን ከቨርጂኒያ የላከችው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። «ሆም ኬር ነው የምሠራው። ከእያንዳንዱ ፔይቼኬ ላይ ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለመንግሥት ጡረታ) ይቆረጣል። ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። በኮቪድ ጊዜ አንኢምፕሎይመንት (የሥራ አጥነት ክፍያ) አግኝቶ ነበር። ባለፈው ክረምት ሥራ ሲቀዘቅዝበት ቢያመለክት ግን አይገባህም ተባለ። እናቴ 71 ዓመቷ ነው፣ ግሪን ካርድ አላት። ኤስኤስአይ (ለድሃ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጠውን የመንግሥት እርዳታ) ጠይቃ ተከለከለች። ጎረቤታችን ያሉት እናት ግን እዚህ አገር አንድ ቀን ሳይሠሩ ይቀበላሉ። ይህን ነገር መጀመሪያ ማን አመጣው? ለምንስ ለአንዱ ሰጥቶ ሌላውን ይከለክላል? እኔ ጡረታ እስክወጣስ ገንዘቡ ይኖራል?»

እህቴ፣ ጥያቄዎችሽ የተለያዩ ቢመስሉም መልሳቸው አንድ ቦታ ይገናኛል። በ1935 የተወሰነ አንድ ውሳኔ ላይ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ውሳኔው ለአረጋዊና ለሥራ አጥ የሚሰጠው ገንዘብ በዋናነት ምጽዋት ሳይሆን፣ ከሥራው ያዋጣ ሰው የሚጠይቀው መብት ይሁን የሚል ነበር። ሥርዓቱን እስከ ዛሬ ያቆመው ይህ ነው። ብዙ ሰው በር ላይ ያስቀረውም ይኸው ነው። ባለቤትሽና እናትሽ የገጠማቸውን ለመረዳት ታሪኩን ማወቅ ይጠቅማል፤ ስለዚህ ትንሽ ታገሺኝ።

ከዚያ በፊት አሜሪካ ውስጥ ያረጀ ሰው ጉልበቱ እስካለ ይሠራ ነበር። ሲደክም ልጁ ቤት ይጠጋል። ልጅም ጉልበትም የሌለው ደግሞ ካውንቲው የሚያስተዳድረው የድሆች ቤት ይገባል። ሽማግሌው፣ አካል ጉዳተኛው፣ የአእምሮ ሕመምተኛው አንድ ላይ የሚታጎርበት ቤት ነው። እዚያ መግባት ትልቅ ውርደት ነበር። ጡረታ ከመንግሥት በሰፊው ያገኝ የነበረው ወታደር ነው። በእርስ በርስ ጦርነቱ ለሰሜኑ ወገን የተዋጉ፣ ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው ይከፈላቸው ነበር። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ከፌዴራል መንግሥቱ ወጪ ከሦስት አንድ እጁ በላይ የሚሄደው ለዚህ ነበር። ሆኖም የጦር ሜዳ ውለታ እንጂ የሠራተኛ መብት ተደርጎ አልታየም። ወታደሮቹ እያለቁ ሲሄዱ ጡረታውም አብሮ አለቀ።

ሐሳቡ የመጣው ከአውሮፓ ነው። ጀርመን ውስጥ ቢስማርክ በ1883 የሕመም፣ በ1884 የሥራ ላይ አደጋ፣ በ1889 ደግሞ የእርጅናና የአካል ጉዳት ኢንሹራንስ አወጣ። ለሠራተኛው ስላዘነ ብቻ አይደለም። ሶሻሊስቶቹ እየበረቱበት ነበር፤ ሠራተኛው ከመንግሥት ጎን እንዲቆም ፈለገ። ሠራተኛው ያዋጣል፣ አሠሪው ያዋጣል፣ መንግሥት ይጨምርበታል። 65 ዓመትን የመረጠው እሱ ራሱ 65 ስለነበረ ነው የሚል ወሬ ትሰሚ ይሆናል። ሐሰት ነው። የጀርመኑ የጡረታ ዕድሜ መጀመሪያ 70 ነበር፤ ወደ 65 የወረደው በ1916 ነው። ቢስማርክም ሕጉ በ1889 ሲወጣ 74 ዓመቱ ነበር።

እንግሊዝ በሌላ መንገድ ጀመረች። በ1908 የወጣው ሕግ 70 ዓመት ለሞላቸው ድሆች በሳምንት እስከ 5 ሺሊንግ ይሰጣል፤ ያውም ምንም ሳያዋጡ፣ ከግብር በሚገኝ ገንዘብ። በ1911 ደግሞ እንደ መርከብ ሥራና ግንባታ ባሉ ጥቂት ዘርፎች የግዴታ የሥራ አጥነት ኢንሹራንስ ጀመረች።

እነዚህን ሁለት መንገዶች ለይተሽ ያዢልኝ፤ የእናትሽ ጉዳይ የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። ልዩነቱ በእድር ይታያል። ለእድር በየወሩ የከፈለ ሰው ሐዘን ሲደርስበት ድንኳኑም ገንዘቡም የሚመጣለት «ደሃ ነህ ወይ?» ሳይባል ነው። ስሙ መዝገቡ ላይ ካለ ይበቃል። ያልከፈለውን ሰፈሩ አዝኖ ሊረዳው ይችላል፤ እሱ ግን አምጡ ብሎ የመጠየቅ መብት የለውም። መጀመሪያ ችግሩ ይታያል፣ ኪሱ ይፈተሻል። ያንቺ የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። እናትሽ የጠየቁት ኤስኤስአይ ሁለተኛው ነው።

አሜሪካ ወደዚህ የገባችው ተገዳ ነው። በ1929 መገባደጃ የአክሲዮን ገበያው ወደቀ። በተከታዮቹ ዓመታት ወደ 9,000 ባንኮች ተዘጉ። በ1933 ከአራት ሠራተኛ አንዱ ሥራ አልነበረውም። ዕድሜውን ሙሉ ቆጥቦ ለእርጅናው ያስቀመጠ ሰው ባንኩ በር ላይ ቆሞ ባዶ እጁን ተመለሰ። ይህ የሰውን አስተሳሰብ ቀየረ። ድሃ የሚሆነው ሰነፍ ነው ይባል የነበረው ተረት፣ ታታሪው ጎረቤት ሁሉ ሲደኸይ ጊዜ አልሠራም።

ግፊቱ ከታች ነው የመጣው። ካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች ውስጥ ፍራንሲስ ታውንሰንድ የሚባል ዕድሜው የገፋ ሐኪም በ1933 ለአካባቢው ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈ። ዕድሜው ከ60 በላይ የሆነ ሁሉ ሥራ ያቁምና በወር 200 ዶላር ይሰጠው፤ ገንዘቡን ግን በ30 ቀን ውስጥ አጥፍቶ ይጨርስ አለ። ሽማግሌው ያርፋል፣ ሥራውን ወጣቱ ይይዛል፣ ገበያው ይንቀሳቀሳል። ሒሳቡ የሚሠራ አልነበረም። ሕዝቡ ግን ወደደው። በየከተማው የታውንሰንድ ክለቦች ተቋቋሙ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ፊርማ ተሰበሰበ። በሉዊዚያናው ሴናተር ሂዩይ ሎንግ በኩል ደግሞ «ሀብቱን እንካፈል» የሚል ሌላ ንቅናቄ ተነሳ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት አንድ ነገር ካላደረገ ሌሎች እንደሚቀድሙት ገባው።

ሥራውን የሰጠው ለሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትሯ ለፍራንሲስ ፐርኪንስ ነው። በአሜሪካ ካቢኔ ውስጥ የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። በ1911 ኒውዮርክ ውስጥ የትራያንግል ልብስ ስፌት ፋብሪካ ሲቃጠል በአካባቢው ነበረች። በር ተቆልፎባቸው 146 ሠራተኞች አለቁ፤ አብዛኞቹ ከውጭ የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ሲዘሉ በዓይኗ አየች። ከዚያ ቀን በኋላ ሕይወቷን ለሠራተኛ ሕግ ሰጠች። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉም በላይ የማከብራት እሷን ነው። ሥራውን ያመጣው የሩዝቬልት ፊርማ ብቻ ይመስለናል፤ ዳገቱን የወጣችው ግን እሷ ናት።

ሁለት ነገሮች ያስጨንቋት ነበር። አንደኛው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነው። የሩዝቬልትን ሕጎች እንዳይጥል ይፈራ ነበር፤ ከጊዜ በኋላም ብዙዎቹን ጥሏቸዋል። አንድ ቀን ዳኛ ሃርላን ስቶን ቤት ሻይ ተጋብዛ ጭንቀቷን ነገረችው። እሱም ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ መንግሥት ግብር የመጣል ሥልጣን አለው፣ በዚያ ተጠቀሙ አላት። ፔይቼክሽ ላይ የሚቆረጠው «መዋጮ» በሕግ ቋንቋ ታክስ የሆነው በዚያ ጊዜ ነው። ሁለተኛው ጭንቀቷ የሥራ አጥነቱ ክፍያ በማን ይመራ የሚለው ነበር። በፌዴራል ወይስ በየስቴቱ? ሕጉን የሚያዘጋጀው ኮሚቴ መስማማት አቃተው። በ1934 የገና ሰሞን ፐርኪንስ አባላቱን ቤቷ ጠራቻቸው። ስልኩን አስነቀለች። ሳንጨርስ ማንም ከዚህ አይወጣም አለች። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተከራክረው ማንም ሳይደሰት ተስማሙ፦ ማዕቀፉ የፌዴራል ይሁን፣ አሠራሩ ግን የየስቴቱ። ዛሬ ሜሪላንድ ያለች እህትሽና አንቺ ቨርጂኒያ ከሥራ ብትባረሩ የምታገኙት ገንዘብ የሚለያየው በዚያች ሌሊት ምክንያት ነው።

ስቴቶቹን ያስገቡበት ዘዴም ብልሃት ነበረው። ፌዴራሉ በአሠሪዎች ላይ እስከ 3 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። ስቴቱ የራሱን የሥራ አጥነት ሕግ ካወጣ ግን ከዚያ ታክስ 90 በመቶው ለአሠሪው ይቀርለታል። ማንም ስቴት ገንዘቡ ዋሽንግተን ገብቶ እንዲቀር አልፈለገም። በ1937 ሁሉም ሕግ አውጥተው ነበር። ዊስኮንሲን ቀድማ በ1932 አውጥታለች።

ሕጉ በምክር ቤቱ 372 ለ33፣ በሴኔቱ 77 ለ6 አለፈ። ሩዝቬልት ኦገስት 14 ቀን 1935 ፈረመበት። በውስጡ ሁለቱም መንገዶች ነበሩ። አንደኛው ክፍል ለድሃ አረጋውያን ወዲያውኑ የሚሰጥ እርዳታ ነው፤ ስቴቱ ግማሽ፣ ፌዴራሉ ግማሽ ይከፍላሉ። ሁለተኛው ክፍል ሠራተኛው 1 በመቶ፣ አሠሪው 1 በመቶ የሚያዋጡበት ጡረታ ነው። ኢኮኖሚው በተቀመጠበት ጊዜ ከሠራተኛ ደመወዝ መቁረጥ ጎጂ ነው ብለው ለሩዝቬልት የነገሩት ነበሩ። ልክ ነበሩ። በ1937 መቆረጥ ሲጀምር ከገበያ ብዙ ገንዘብ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ለተከተለው የኢኮኖሚ መቀዝቀዝ አንዱ ምክንያት ይህ ነው የሚሉ አሉ። የሩዝቬልት መልስ ግን የፖለቲካ መልስ ነበር። ያዋጣ ሰው የመቀበል የሕግ፣ የሞራልና የፖለቲካ መብት አለው፤ መዋጮው እስካለ ድረስ ማንም ፖለቲከኛ ፕሮግራሜን ሊያፈርሰው አይችልም አለ። ትንቢቱ ሠርቷል።

አሁን ስለቀሩት ሰዎች ልንገርሽ፤ ይህ ጉዳይ አንቺን በቀጥታ ይነካል። ሕጉ የእርሻ ሠራተኞችንና የቤት ሠራተኞችን አላካተተም። የራሳቸውን ሥራ የሚሠሩትንም እንዲሁ። በዚያን ጊዜ ከጥቁር አሜሪካውያን ሠራተኞች አብዛኞቹ፣ በተለይ በደቡቡ፣ የሚሠሩት ወይ እርሻ ላይ ወይ በሰው ቤት ነበር። ለጥቁር አሜሪካውያን መብት የሚታገለው ድርጅት፣ የኤንኤኤሲፒ፣ ጠበቃ ቻርልስ ሂዩስተን በ1935 ሴኔት ፊት ቀርቦ ሕጉ ቀዳዳው ጥቁሮችን ለማሾለክ የሚበቃ ወንፊት ነው አለ። የደቡብ ፖለቲከኞች ሆን ብለው ነው ያስወጧቸው የሚሉ የታሪክ ሰዎች አሉ። የለም፣ ገንዘብ ሚኒስትሩ ሞርገንታው ከየቤቱና ከየእርሻው ታክስ መሰብሰብ አይቻለንም ስላለ ነው የሚሉም አሉ። እኔ የሁለቱም እጅ አለበት ባይ ነኝ። ሰብሳቢው አይመቸኝም ሲል፣ ማንም የማይቆረቆርላቸው ሰዎች ቀድመው ይሠዋሉ። በቋሚነት የተቀጠሩ የቤትና የእርሻ ሠራተኞች የገቡት በ1950 ነው። ያንቺ ሥራ፣ ሰውን በቤቱ መንከባከብ፣ በ1935 ሕግ ፊት ሥራ አልነበረም።

ምዝገባው በኖቬምበር 1936 ተጀመረ። መሥሪያ ቤቱ ገና ቅርንጫፍ ስላልነበረው ፎርሙን ያደለው ፖስታ ቤት ነው። የሁሉም ሰው መዝገብ ባልቲሞር ወደብ አጠገብ በአንድ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ ተከማቸ። ኮምፒውተር የለም፤ በካርድ ላይ ቀዳዳ እየተበሳ ነው የሚመዘገበው።

ክሊቭላንድ ውስጥ ኧርነስት አከርማን የሚባል የትራም ነጂ ነበር። ፕሮግራሙ በተጀመረ ማግስት ጡረታ ወጣ። የአንድ ቀን መዋጮው 5 ሳንቲም ነው፤ በአንድ ጊዜ ክፍያ 17 ሳንቲም ተሰጠው። የመጀመሪያውን ወርኃዊ ቼክ የተቀበለችው ደግሞ ከቨርሞንት ገጠር አይዳ ሜይ ፉለር ናት፤ የጠበቆች ቢሮ ጸሐፊ ነበረች። ጃንዋሪ 31 ቀን 1940 የተጻፈው ቼክ 22 ዶላር ከ54 ሳንቲም ነው። ለሦስት ዓመት ያዋጣችው በጠቅላላው 24 ዶላር ከ75 ሳንቲም ነበር። እስከ 100 ዓመቷ ኖረች። ከ22,000 ዶላር በላይ ተቀብላለች።

ይህን የምነግርሽ በምክንያት ነው። ብዙ ሰው በስሙ የተቀመጠ የባንክ ደብተር ያለው ይመስለዋል። የለም። ዛሬ ካንቺ የሚቆረጠው በአብዛኛው ዛሬ ላረጁት ይከፈላል። ያንቺን ጡረታ ደግሞ ዛሬ ትምህርት ቤት ያሉ ልጆች ይከፍሉታል። ለፉለር የከፈሉት ከኋላዋ የመጡት ናቸው።

ፍርድ ቤቱስ? በሜይ 1937 ጡረታውንም የሥራ አጥነቱን ክፍያም አጸደቃቸው። የስቶን ምክር ሠራ። ነገር ግን «መብት» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚይዝ ቆይቶ ተፈተነ። ኤፍራም ኔስተር በ1913 ከቡልጋሪያ የመጣ ስደተኛ ነው። ከሶሻል ሴኩሪቲ መጀመሪያ አንስቶ ወደ 19 ዓመት ከፍሏል። ዜግነት አልወሰደም። በ1930ዎቹ የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነበርክ ተብሎ በ1956 ከአገር ተባረረ፤ ጡረታውም ተቋረጠ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1960 ኮንግረስ ሕጉን መቀየር ይችላል፣ መዋጮው እንደ ንብረት የማይነካ መብት አይሰጥም ብሎ ፈረደበት። ስለዚህ መብቱ ጠንካራ ነው፣ ግን የውል መብት አይደለም። የጠነከረው በፖለቲካ ነው። ግሪን ካርድ ላላችሁ ሁሉ ይህ ፍርድ ዜግነታችሁን እንዳታዘገዩ የሚያሳስብ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ሕጉ እየሰፋ ሄደ። በ1939 ለሟች ሠራተኛ ልጆችና ለሚስቱ፣ በ1956 ለአካል ጉዳተኞች ተጨመረ። በ1965 የአረጋውያን የጤና መድኅን የሆነው ሜዲኬር መጣ። ኤስኤስአይ በ1972 ወጥቶ በ1974 ሥራ ጀመረ፤ የ1935ቱን የድሃ አረጋውያን እርዳታ የተካው እሱ ነው።

ውጤቱስ ምን ሆነ? በ1959 ከ65 ዓመት በላይ ከሆኑ አሜሪካውያን 35 በመቶው ከድህነት መስመር በታች ነበሩ። ባሁኑ ዘመን 10 በመቶ አካባቢ ናቸው። ሌላ ምክንያትም አለው፤ ዋናው ግን ይህ ጡረታ ነው። የድሆች ቤቶቹ ቀስ በቀስ ተዘጉ። ሽማግሌዎች ከልጆቻቸው ቤት ወጥተው ለብቻቸው መኖር ጀመሩ። ለኛ ይህ ብቸኝነት ይመስላል። አብዛኛዎቹ ግን አቅም ሲያገኙ የመረጡት ይህን ነው፤ የልጅን እጅ ማየት ለእነሱም ከባድ ነበር።

ሥራ አጥነቱን በተመለከተ ጥቅሙ ለተባረረው ሰው ብቻ አይደለም። ፋብሪካ ሲዘጋ ያንን ሰው የምትመግበው ሬስቶራንትም አብራ እንዳትዘጋ ያደርጋል። ገንዘቡ ሰው ያሰንፋል የሚል ክርክር አለ። ጥናቶቹ ክፍያው ሲረዝም ሰው ሥራ እስኪያገኝ ትንሽ እንደሚቆይ ያሳያሉ፤ ይህን መካድ አልፈልግም። ግን መደበኛው ክፍያ ለብዙ ሰው ከደመወዙ ግማሽ አይሞላም። በብዙ ስቴቶች ከ26 ሳምንት በላይ አይሄድም፤ ፍሎሪዳ እስከ 12 ሳምንት ይወርዳል። በዚህ ኪራይ ተከፍሎ ማን ይሰንፋል? የሚገኘው ትንፋሽ መሰብሰቢያ ጊዜ ነው፤ ያገኙትን የመጀመሪያ ሥራ ሳይሆን የሚመጥንን ለመፈለግ።

ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። የሥራ አጥነት ክፍያ ከየት ነው የሚመጣው? አሠሪው ለስቴቱ ከሚከፍለው ታክስ ነው። በአብዛኛው ስቴት ከሠራተኛው አይቆረጥም። ኡበር የሚነዳ ሰው ደግሞ በሕጉ እንደ ራሱ አሠሪ ነው የሚታየው። 1099 (ለራሱ የሚሠራ ሰው የገቢ ፎርም) ይቀበላል እንጂ ደብሊው-ቱ (የተቀጣሪ የደመወዝ ፎርም) የለውም። ለእሱ ያን ታክስ የከፈለ የለም፤ ስለዚህ መዝገቡ ላይ የለም። በ1935 የተዘጋው በር በሥራ አጥነት ክፍያ በኩል ለእሱ እስካሁን አልተከፈተም። በኮቪድ ጊዜ ያገኘው ሌላ ነገር ነው። ኮንግረስ በማርች 2020 ባወጣው ሕግ ለራሳቸው የሚሠሩት እንዲካተቱ አደረገ። እስከ ጁላይ መጨረሻ በሳምንት 600 ዶላር ተጨማሪም ነበረው። ያ ፕሮግራም በሴፕቴምበር 2021 አበቃ። ስለዚህ ባለቤትሽን የከለከለው ጸሐፊ ክፋት ሠርቶበት አይደለም። ሕጉ ራሱ መለወጥ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ቀን ከሌት የሚነዳ ሰው ሥራ ፈጣሪ ተብሎ መድኅን አልባ መቅረቱ ፍትሕ አይደለም።

እናትሽን በተመለከተ ደግሞ፣ ኤስኤስአይ ዕድሜያቸው 65 የሞላ ወይም አካል ጉዳተኛ ለሆኑና ሀብት ለሌላቸው ነው። ለአንድ ሰው የሀብት ጣሪያው 2,000 ዶላር ነው። በ1996 የወጣው ሕግ ግን ግሪን ካርድ ያላቸውን አብዛኞቹን አስቀረ። ወይ ዜግነት ያስፈልጋል፣ ወይ 40 ክሬዲት (በሥራ የሚጠራቀም ነጥብ) የሚሞላ ሥራና ሌሎች መስፈርቶች። የባል ወይም የሚስት ሥራ ሊታሰብላቸው ይችላል። የልጅ ሥራ ግን ለወላጅ አይቆጠርም። አንቺ ምንም ያህል ዓመት ብትከፍዪ ለእሳቸው አይሆንም። ጎረቤታችሁ የሚያገኙት ወይ ዜግነት ወስደው ይሆናል፣ ወይ በሪፊውጂነት ገብተው ይሆናል፤ በሪፊውጂነት የገቡ እስከ 7 ዓመት ሊያገኙ ይችላሉ። ስለዚህ ለእናትሽ ዋናው መንገድ የዜግነት ማመልከቻው ነው። ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ሆኖ ግሪን ካርድ ካገኙ 20 ዓመት ከሞላቸው ፈተናው ይቀልላቸዋል፣ በአማርኛም መፈተን ይችላሉ። 20 ካልሞላ ግን ከ55 ዓመት በላይ ሆነው 15 ዓመት ከኖሩ መደበኛውን ፈተና በአማርኛ ይወስዳሉ። ኤስኤስአይ ካገኙ በኋላም አንድ ነገር ይወቁ፤ 30 ቀን ሙሉ ከአገር ከወጡ ክፍያው ይቆማል። ለክርስትና ወይም ለለቅሶ ሄደው ሁለት ሦስት ወር ቆይተው ቼኩ ተቋርጦ የሚደነግጡ ብዙ እናቶች አያለሁ።

ገንዘቡ ያልቃል ወይ? ይህ ፍርሃት አዲስ አይደለም። በ1983 ፈንዱ ሊደርቅ ወራት ሲቀሩት ኮንግረስ ሕጉን አሻሽሎ አዳነው፤ ሙሉ የጡረታ ዕድሜ ወደ 67 ከፍ እንዲል የተወሰነው ያኔ ነው። አሁንም በ2025 የወጣው የባለአደራዎቹ ሪፖርት የጡረታው ፈንድ በ2033 ተጠባባቂው እንደሚያልቅ ይገምታል። ያልቃል ማለት ግን ባዶ ይሆናል ማለት አይደለም። ሠራተኛ እስካለ መዋጮ ይገባል፤ ምንም ሕግ ካልወጣ እንኳን ከተገባው 77 በመቶ ያህል መክፈል ይቻላል። ችግሩ ቁጥር ነው። በ1950 ለአንድ ጡረተኛ ከ16 በላይ ሠራተኛ ያዋጣ ነበር። ዛሬ ከሦስት በታች ነው። መፍትሔው የሚታወቅ ነው፤ ወይ መዋጮ መጨመር፣ ወይ የደመወዝ ጣሪያውን ማንሳት፣ ወይ ክፍያ መቀነስ። የቀረው ፖለቲካው ነው። እኔ ጣሪያውን ማንሳት ይሻላል እላለሁ። በ2025 ከ176,100 ዶላር በላይ በሚገኝ ደመወዝ ላይ የሶሻል ሴኩሪቲ ታክስ አይቆረጥም ነበር። ያንቺ ደመወዝ ግን በሙሉ ይቆረጥበታል።

ሀገር ቤት ሠርተሽ የከፈልሽው ጡረታ ካለ እዚህ አይደመርልሽም፤ ሁለቱ አገሮች እንዲህ ያለ ስምምነት የላቸውም። የዜግነት ጉዳይ ካለቀልሽ ግን የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታሽን አዲስ አበባ ተቀምጠሽ መቀበል ትችያለሽ።

አሁን መደረግ ያለበት። በሶሻል ሴኩሪቲ ድረ ገጽ ላይ አካውንት ክፈቺና በየዓመቱ የተመዘገበልሽን ገቢ እዪ። ጡረታ ለማግኘት 40 ክሬዲት ያስፈልጋል፤ በዓመት የሚገኘው ቢበዛ 4 ነው፣ በ2025 አንዱ ክሬዲት 1,810 ዶላር ገቢ ይጠይቅ ነበር። የክፍያው መጠን የሚሰላው ከፍተኛ ገቢ ባገኘሽባቸው 35 ዓመታት ነው። ለዓመታት በየሰው ቤት ልጅ እየጠበቁ በካሽ የተከፈላቸው እናቶች ይመጡብኛል። ወገባቸው ጎብጧል፣ ያሳደጓቸው ልጆች ኮሌጅ ጨርሰዋል፣ መዝገባቸው ላይ ያለው ግን ጥቂት ክሬዲት ነው። አሠሪዎቻቸው ሕግ ጥሰዋል፤ በ2025 ለአንድ የቤት ሠራተኛ 2,800 ዶላርና ከዚያ በላይ የከፈለ ቤተሰብ ታክሱን ቆርጦ የማስገባት ግዴታ ነበረበት። በካሽ ካልሆነ ሲሉሽ የሚያተርፉት እነሱ ናቸው።

ባለቤትሽም ታክስ ሲያሠራ ይህን ያስብ። ማይሉንና ወጪውን መቀነስ መብቱ ነው። ነገር ግን ወጪው ተቀንሶ የሚቀረው ትርፍ ነው ለጡረታው የሚመዘገብለት። ያገኘውን ሳይናገር «ዝቅ አድርግልኝ» ማለት ደግሞ ሕገ ወጥ ከመሆኑም በላይ የራሱን እርጅና መቀነስ ነው። ከእሱ ሞት በኋላ ልጆቻችሁ እስከ 18 ዓመታቸው የሚያገኙት ክፍያም ከዚያው መዝገብ ነው የሚሰላው። ወጣት አባት ሲሞት ማኅበረሰባችን ተሯሩጦ ገንዘብ ያዋጣል፤ ለልጆቹ ይህን ክፍያ ማመልከት ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት 6 ክሬዲት ብቻ ያለው አባት እንኳን ለልጆቹ ሊያስገኝ ይችላል።

መዝገብሽ ላይ የጎደለ ዓመት ካየሽ አታቆዪው። ማረሚያው በመደበኛው ከዚያ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ 3 ዓመት ከ3 ወር ከ15 ቀን ነው። የዚያን ዓመት ደብሊው-ቱ ወይም የፔይቼክ ቁራጮችሽን ይዘሽ አቅራቢያሽ ያለው የሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሂጂ። አስተርጓሚ በነፃ ይሰጡሻል፤ ስትደውዪ አማርኛ ብለሽ ጠይቂ።